ፍሬኑን የሠራ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ነው። እኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ቢሆንም አንድ የሥራ ዘመን ጨርሻለሁ። ስምንት ዓመት መካኒክ ነበርኩ፤ አሁን ቡታጅራ ውስጥ ሳይንስና የእጅ ሥራ አስተምራለሁ። ቱታዬን ካወለቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ጥፍሬ ሥር የነበረው ጥቁረት ግን ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ ባለፈው ክረምት ነው። ተማሪዎቼ "መምህር፣ ከጋራዥ ለምን ወጡ? ሥራ ጠፍቶ ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። "ማስረዳት ስለምወድ ነው" ብዬ አልፋቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። የቀረውን ግማሽ በቅደም ተከተል እዚህ ልጻፈው።

የጀመርኩት እዚሁ ቡታጅራ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አቶ ገብሬ የሚባሉ ሰው ጋራዥ ገባሁ። ጋራዥ ስል ሁለት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ማለቴ ነው። አቶ ገብሬ የሚጠግኑት ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ የጭነት መኪኖችን ነበር፤ መለዋወጫ ከየትም አይገኝላቸውም። ስለዚህ የጎደለውን ሁሉ ያሠሩታል፤ ብረቱን አንጥረኛ ዘንድ፣ እንጨቱን አናጢ ዘንድ፣ የፍሬኑን ቆብ ደግሞ ቆዳ ሠሪ ዘንድ።

ይህን የመጨረሻውን ላብራራው፤ ኋላ ያስፈልገናል። ሹፌሩ የፍሬኑን መርገጫ ሲረግጥ አንዲት ቧንቧ ውስጥ ያለች ፒስተን ዘይት ትገፋለች፤ ዘይቱ በቀጭን መስመር ሄዶ ጎማዎቹን ያስይዛል። ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳያፈተልክ በፒስተኗ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆብ አለች። የመኪናው ክብደትና የተሳፋሪው ነፍስ ያረፈው ከአውራ ጣት በማትበልጠው በዚች ቆብ ላይ ነው። በአቶ ገብሬ ጋራዥ ቆቧ ከቆዳ ትቆረጣለች። የእኔ ሥራ ቆዳውን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት አውጥቶ ማድረቅ፣ ከዚያ በሞተር ዘይት አሽቶ መግጠም ነበር። አቶ ገብሬ በሌላው ነገር ሁሉ ችኩል ነበሩ፤ መኪናው ከተነሣ ሥራው አልቋል ባይ ናቸው። በፍሬን ንጽሕና ግን ቀልድ አያውቁም። እኔም በተፈጥሮዬ ሥርዓት ስለምወድ ይህን አሠራር እንደ ጸሎት ያዝኩት። አራት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ፤ አንድም ቆብ አልከዳኝም።

ከዚያ ወልቂጤ ተቀጠርኩ። ደመወዙ በአሥር ብር ይበልጥ ነበር፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወልቂጤ የጅማ መንገድ ላይ ናት። ቡና የጫነው ወደ አዲስ አበባ፣ ጨውና ጨርቅ የጫነው ወደ ጅማ ያልፍባታል። ከከተማዋ እልፍ ብሎ መንገዱ ወደ ግቤ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሹፌሮች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት እኛ ዘንድ ቆመው ፍሬን ያስነካሉ። የጋራዡ ባለቤት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ጋራዡን የሚያንቀሳቅሱት ዋናው መካኒክ ጋሽ ሸምሱ ነበሩ።

ጋሽ ሸምሱ የመስቃን ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆባቸው ላይ አንድም የዘይት ጠብታ የማይታይባቸው። ሥራውን የተማሩት በልጅነታቸው ጣሊያኖች ዘንድ ነው። ሞተር ሲመረምሩ የወይራ ዘንግ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ሦስተኛው ቫልቭ" ይላሉ፤ ስንፈታው ሦስተኛው ቫልቭ ነው።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ አዲሱን መግጠም በእሳቸው ቤት ሥራ አይባልም። አሮጌውን መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡና ለሠራተኛው ሁሉ ያሳያሉ። "ይሄ ለምን ሞተ?" ይላሉ። "አርጅቶ" ብሎ የመለሰ ሰው ያን ቀን ሲቀለድበት ይውላል። "እኔም አርጅቻለሁ፤ ሞቻለሁ?" ይሉታል። ምክንያቱ እስኪገኝ አዲሱ ዕቃ ከካርቶኑ አይወጣም።

ከሁሉም በላይ ግን የወንበሩ ሕግ ነው። ከጋራዡ የሚወጣ ማንኛውም መኪና ፍሬኑ ከተፈታ፣ ፍሬኑን የሠራው ሰው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የግቤን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። ዝናብ ይሁን፣ ጾም ይሁን፣ ሠርግ ይሁን። ስለዚህ ከጋሽ ሸምሱ በቀር ፍሬን የሚሠራ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የሚወርዱትም እሳቸው ናቸው። እኔ ስደርስ ለአሥራ ስምንት ዓመት ወርደዋል።

ይህ ሕግ ነው ከቤታቸው ያለያያቸው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቡታጅራ ናቸው፤ የሚያዩዋቸው በረመዳን ኢድና በአረፋ ብቻ ነው። ዓይናቸውም ለጥቃቅን ሥራ መድከም ጀምሯል። ሞተሩን ነሥሩ ለሚባለው ጓደኛዬ አስረክበዋል፤ ቀሪው ፍሬን ነው። "ፍሬን የማምነው ሰው ባገኘሁ በሳምንቱ ቤቴ ነኝ" ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። እኔ ደግሞ በማታ ትምህርት አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ቀን እቆጥር ነበር። አልነገርኳቸውም። የእኔ መሄድ የእሳቸው መቅረት መሆኑን አውቃለሁና አፌን ከፍቼ መዝጋት ልማዴ ሆነ።

እንዲህ እያለን ነው ቀይዋ መኪና የመጣችው። ስትመጣ ቀይ አልነበረችም፤ ዝገት ነበረች። በክረምቱ መግቢያ አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመና አቶ ሳህሌ ሸራውን ገለጡ። አቶ ሳህሌ የጉብሬ ልጅ ናቸው፤ አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ይሸጣሉ፤ ዕድሜያቸው ከጋሽ ሸምሱ በብዙ ያንሳል። ከሸራው ሥር የቀድሞ የእሽቅድምድም መኪና አጽም ነበር፤ ሻንሲው፣ እንደ ብስክሌት ሽቦ ያላቸው አራት ቸርኬዎች፣ ፊት ለፊት የራዲያተሩ አፍ፣ በጎኗ ደግሞ ክንድ የሚያህል የእጅ ፍሬን ብረት። ቆርቆሮዋ አልቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"የምወዳደርባት መኪና ናት። ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ውድድር አለ። ግን መጀመሪያ በመስቀል ዋዜማ ጉብሬ ትገባለች። እናቴን አስቀምጬ ገበያውን አዞራታለሁ ብያለሁ።"

ጋሽ ሸምሱ መኪናዋን አንዴ ዞሯት። "ሳህሌ፣ እናትህ ምን አደረጉህ?"

ነሥሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓሮ ሄደ። አቶ ሳህሌ ግን አልተቀየሙም። ካርቶኖቹን አወረዱ። ከተገለበጠ ዘመናዊ የስፖርት መኪና የወጣ ባለ ሁለት ካርቡራተር ሞተር ነበር። አዲስ ካምቢዮ፣ ንዝረት የሚያበርድ አዲስ አሞርዛተር፣ እንዲሁም በዚያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ በዓይናችን አይተነው የማናውቀው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሳህን ቆንጥጦ የሚይዝ የዲስክ ፍሬን። አሳባቸው ግልጽ ነው፤ መልኳ የድሮ፣ ጉልበቷ የዛሬ እንድትሆን ነው። አዲስ አበባ ያሉ ተወዳዳሪዎች ከውጭ ተዘጋጅታ የመጣች መኪና ነው የሚገዙት፤ እሳቸው እዚሁ አገራቸው የተሠራች ይዘው መቅረብ ፈለጉ።

"ይሄን ብረት ቁረጡልኝ" አሉ የእጅ ፍሬኑን እያሳዩ። "ክብደት ነው።"

"እሱ ይቀራል" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"ዲስክ እያለልን?"

"ዲስኩ እግርህን ይስማ፤ ይሄ እጅህን ይስማ። አንዱ በዘይት፣ አንዱ በሽቦ። አይተዋወቁም። አንዱ ቢታመም በሽታው ወደ ሌላው አይሻገርም።"

"እሺ፣ ግን ቀለም ይቀባ።"

"እሱን ነሥሩ ይቀባልሃል።"

ክረምቱን ሙሉ ሠራናት። በየመኪናው መሀል፣ ዝናብ ሹፌሮችን ባገደ ቁጥር። መጀመሪያ ሻንሲውን በብሩሽ ፈግፍገን ስንጥቅ ፈለግን፤ ሁለት ቦታ አገኘንና በየድነው። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ስለሚከብድ የሞተሩን መቀመጫ በእጅጉ ወደ ኋላ ሳብነው፤ ይህ ባይደረግ አፍንጫዋ ከብዶ ኩርባ ላይ አልታዘዝም ትላለች። ለአካሏ አንድ አናጢ ከዋንዛ እንጨት አጥንት ሠራላት። ነሥሩ አሸዋ በሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ላሜራውን እያስተኛ በእንጨት መዶሻ ወቀጠው። ብረትን አጠንክሮ የመታ ሰው ይሸበሽበዋል፤ ነሥሩ የሚመታው እንደሚያባብል ሰው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ረጅምና በቆዳ ቀበቶ የሚታሰር ኮፈን፣ አጭር ጅራት ያላት ቀይ መኪና ተገኘች።

ሁለቱን ካርቡራተሮች ያስተካከሉበትን ቀን አልረሳውም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት እነዚህ ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ ይደናቀፋል። መለኪያ አልነበረንም። ጋሽ ሸምሱ ሁለት ቁራጭ የጎማ ቱቦ አመጡ፤ አንዱን እሳቸው፣ አንዱን ነሥሩ ጆሮው ላይ አድርገው ሌላውን ጫፍ ወደ ካርቡራተሮቹ አፍ አስጠጉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው የሚሰሙትን ድምፅ በአፋቸው ማሰማት ጀመሩ። "ኡኡኡ" ይላሉ ጋሽ ሸምሱ፤ "ኦኦኦ" ይላል ነሥሩ። እኔ ማስተካከያዋን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርኩ ሁለቱን ድምፆች አቀራርባለሁ። የሁለቱ ድምፅ አንድ ሲሆን ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ቆመ ማለቴ አይደለም፤ መንቀጥቀጡን ተወ። በደጃፉ የሚያልፍ ሰው መንዙማ የምንለማመድ መስሎት ቆሞ አዳመጠን።

መስከረም እንደገባ አንድ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ የፍሬኑን ካርቶን አንስተው ደረቴ ላይ አደረጉት። "ፍሬኑ የዘርጋ ነው" አሉ ለነሥሩ፤ ዘርጋ እኔ ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። ይህ ፍሬን የግቤን ቁልቁለት ወርዶ ከተመለሰ ጋሽ ሸምሱ ቡታጅራ ይገባሉ፤ እኔ እቀራለሁ።

በካርቶኑ ውስጥ ሁሉም ነገር በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። በእንግሊዝኛ የታተመ ማብራሪያም ነበረው። እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ የሚያነብ ጋራዡ ውስጥ አልነበረም። ግን ፍሬን ለአራት ዓመት ሠርቼ ወረቀት ምን ሊነግረኝ ነው ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቆቦቹን አወጣሁ፤ አዲስ፣ ጥቁር ላስቲክ። እንደ ልማዴ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው፤ ጠዋት አድርቄ በሞተር ዘይት አሸኋቸው። ስገጥማቸው ጠበቅ አሉብኝ። ደስ አለኝ። ጥብቅ ማለቱ የአዲስነት ምልክት መሰለኝ።

በግቢያችንና በገበያው መንገድ ላይ ስንሞክራት መኪናዋ ፍሬኗ በተረገጠ ቁጥር ቀጥ አለች። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሳህሌ ሲመጣ ትወርዳላችሁ" አሉኝ። መኪናዋ አራት ቀን ቆመች። እኔ በዚህ መሀል የማሠልጠኛው ማመልከቻ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን ሐሙስ መሆኑን ሰማሁ። ሐሙስ ጠዋት ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ጽሕፈት ቤቱ ምስክር ወረቀት፣ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ማኅተም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ማኅተም ፈለገ። አምስት ሰዓት ላይ ጨርሼ ስመለስ ነሥሩ በር ላይ ቆሟል።

"የት ነበርክ? አቶ ሳህሌ ዛሬ መጡ እኮ።"

"መኪናዋስ?"

"ወረዱ።"

"ከማን ጋር?"

"ከጋሽ ሸምሱ ጋር። 'ልጁ ታሟል፤ ወንበሩን እኔ እይዝለታለሁ' ብለው ተቀመጡ።"

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ እፍረት ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ወርዶ መመለስ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ሁለቱ ሰዓት አለፈ፤ ሦስተኛውም ተጋመሰ። ከግቤ በኩል አንድ ቡና የጫነ መኪና መጣና ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"የእናንተዋን ቀይ አያችኋት? ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጥታ ሣር ውስጥ ገብታለች።"

"ሰዎቹስ?" አልኩት።

"እኔ መኪናዋን ነው ያየሁት። ጭነት ይዤ ቁልቁለት ላይ የት እቆማለሁ?"

ነሥሩ የጋራዡን አሮጌ መኪና አስነሣ። እኔ መንገዱን ሁሉ በአእምሮዬ እያንዳንዱን ዳዶ፣ እያንዳንዱን መስመር መልሼ እፈታለሁ፤ መልሼ እገጥማለሁ። ሁሉም ደህና ነው። ሁሉም ደህና መሆኑ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ።

በአምስተኛው ኩርባ ላይ አየናቸው። መኪናዋ ከመንገዱ በላይኛው ጎን፣ አቀበት ሣር ላይ፣ ወደ ሰማይ አንጋጣ ቆማለች። አቶ ሳህሌ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳሉ። ጋሽ ሸምሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ ጫማቸውን አውልቀው አፈር ያራግፋሉ። ክርናቸው ተልጧል፤ ነጭ ቆባቸው የለም። ከዚያ በቀር ሙሉ ናቸው። ከመኪናው ወርጄ ቀረብኩ።

"አሰላሙ አለይኩም" አላቸው ነሥሩ።

"ወአለይኩሙ ሰላም። ውኃ ይዛችኋል?"

የሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ፍሬኑ ያዘ። ከዚያ ሳይረገጥም መያዝ ጀመረ፤ መኪናዋ ቁልቁለት እየወረደች ከኋላ የሚጎትታት ያለ ይመስል ከበደች። የተቃጠለ ብረት ሸተታቸው። በአምስተኛው ኩርባ ላይ አቶ ሳህሌ ሲረግጡ መርገጫው እስከ ወለሉ ገባ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ጋሽ ሸምሱ በጎን ያለውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡ፤ "ወደ ተራራው" አሉ። አቶ ሳህሌ ወደ ተራራው ጠመዘዙ።

"ልትገድለኝ ነበር" አሉኝ አቶ ሳህሌ። አልጮኹም። "እኔስ ይሁን። በሳምንቱ እናቴ ናት የምትቀመጥባት።"

ጋሽ ሸምሱ ጫማቸውን አሰሩ። "ዛሬ ማንም ማንንም አይናገርም። ጎትተን እንውሰዳት" አሉ።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ፍሬኑን ፈታን። ጋሽ ሸምሱ ቆቧን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት፤ በሌላኛው መዳፋቸው ላይ ደግሞ አቶ ሳህሌ ካመጡት መጠባበቂያ አንዷን። የእኔዋ አብጣለች፤ ጠርዟ እንደ እንጉዳይ ተገልብጧል። "ይሄ ለምን ሞተ?" አሉ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ በዚያው ድምፅ።

"እኔ ገድዬው ነው" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። የአቶ ገብሬን ቆዳ፣ ቤንዚኑን፣ የሞተር ዘይቱን፣ ሳላነብ ያጠፍኩትን ወረቀት። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁት፤ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ላስቲኩን እንዳይነኩት የሚለው በስድስተኛው መስመር ላይ ነበር። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ ማቆም አልቻልኩም። "ሐሙስ ዕለትም አላመመኝም። የመምህራን ማሠልጠኛ ማመልከቻ ላስገባ ሄጄ ነው።"

ነሥሩ መሬት መሬት ያያል።

"አስገባህ?" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"አስገባሁ።"

"ማኅተም አደረጉልህ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"እሺ" አሉና ቆቦቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "መሞቱን ነገርከን። እንዴት እንደሞተ ግን እኔ ራሴ አልገባኝም። ቆብ ካበጠ ይበልጥ መያዝ ነበረበት፤ እግር ወለል ድረስ ለምን ገባ?"

ሁለት የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ። አንዱ ውስጥ ቤንዚንና የሞተር ዘይት፣ ሌላው ውስጥ ትክክለኛውን የፍሬን ዘይት ቀዳሁ። በየብርጭቆው አንዳንድ አዲስ ቆብ ጨመርኩና እስከ ማግስቱ እንጠብቅ አልኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሳህሌም መጡ፤ ፍሬን ሊያስነኩ የቆሙ ሁለት ሹፌሮችም ተጨመሩ። ቆቦቹን አውጥቼ ለነሥሩ ሰጠሁት፤ ቧንቧዋ ውስጥ እንዲከታቸው። አንዷ ሸርተት ብላ ገባች። ሌላዋ አፉ ላይ ቀረች።

ከዚያ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣልኩላቸው። "ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ ዘይቱ የሚመለስባት መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች" አልኩ። "ያበጠው ቆብ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። ዘይቱ መመለሻ ያጣል። እግር ተነሥቶም ፍሬኑ ይይዛል። እየያዘ ሲወርድ ይግላል። ሲግል ዘይቱ ይፈላል። የፈላ ነገር ውስጥ እንፋሎት አለ። ዘይት ቢገፉት ይገፋል፤ እንፋሎት ቢገፉት ይታመቃል እንጂ ወደ ጎማው አይደርስም። ስለዚህ መርገጫው ወለል ገባ።"

አንደኛው ሹፌር "የትኛዋ ቀዳዳ ናት አንተ፣ እስኪ እንደገና" አለኝ። እንደገና ሣልኩ። በሦስተኛው ሹፌሩ ራሱ ለጓደኛው ያስረዳ ጀመር።

"ዘርጋ" አለ ነሥሩ፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ነገር እንዲህ አስረድተኸኝ አታውቅም።"

"ጠይቀኸኝ አታውቅማ።"

ጋሽ ሸምሱ ከሥዕሉ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። "እጅህ ደህና ነው" አሉኝ። "አፍህ ግን ከእጅህ ይበልጣል።"

"ስድብ ነው ምርቃት?" አለ ነሥሩ።

"ማመልከቻ ነው" አሉ ጋሽ ሸምሱ፤ ጋራዡ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ ወሰኑ። ፍሬኑን ነሥሩ ይሥራ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ልናገር። ዕቃ መንካት ተከለከልኩ። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ዳዶው ሲንሸራተትበት እጄ ከኋላዬ ብቻውን ይዞራል። ሦስት ጊዜ አስፈታሁት፤ ሦስት ጊዜ አስገጠምኩት። በሦስተኛው እኔ ዝም ብዬ እሱ የሚያደርገውን እየተናገረ ሠራ።

ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋ ደጅ ቆመች። አቶ ሳህሌ መሪውን ያዙ። ነሥሩ እጁን አብሶ ወደ ጎን ወንበሩ ሲሄድ ጋሽ ሸምሱ አስቆሙት።

"አንተ ከእኔ ጋር ከኋላ ትከተላለህ። ዘርጋ ይቀመጥ።"

"ፍሬኑን የሠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"እጁ ያንተ ነው። የሠራኸው ግን በእሱ ቃል ነው። ቃሉ ልክ ካልሆነ አንተ ምን ጥፋት አለብህ? ያስተማረው ይውረድ።"

ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ከብዙ ሹፌሮች ጎን ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ግን አላውቅም። የገዛ እጁን የሚጠራጠር ሰው ቢያንስ እጁ ያደረገውን ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው የተናገርኩትን ነው፤ ነሥሩ የሰማው ያንኑ መሆኑን በምን አውቃለሁ? በሁለተኛው ኩርባ ላይ የኋላውን መስመር ዳዶ አጥብቅ ማለቴን ተጠራጠርኩ። በሦስተኛው ላይ ማለቴን አስታወስኩ። በአምስተኛው ላይ አቶ ሳህሌ ከንፈራቸውን ነክሰው ረገጡ፤ መኪናዋ ያዘች። እግራቸውን አነሡ፤ ለቀቀች። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ኩርባዎች አልቆጠርኩም።

ድልድዩ አጠገብ ቆምን። ሙቀቱ ከበደን፤ ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል። አቶ ሳህሌ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። መኪናዋ በራሷ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ተንከባለለች። ሳይረገጥ የሚይዝ ፍሬን እንዲህ አይለቅም። ትንፋሼን እዚያ ላይ ነው ያወጣሁት። አቶ ሳህሌም ሞተሩን አጥፍተው ግንባራቸውን መሪው ላይ ደገፉት፤ ትንሽ ቆይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ጋሽ ሸምሱና ነሥሩ ደረሱ። ጋሽ ሸምሱ መዳፋቸውን ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። "ሞቃለች እንጂ አልተቃጠለችም" አሉ። ከዚያ ለዙህር ሶላት ሊታጠቡ ወደ ውኃው ወረዱ።

በመስቀል ዋዜማ መኪናዋ ጉብሬ ገባች። የአቶ ሳህሌ እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ተቀመጡ፤ ገበያውን ሁለቴ ዞሩ። ልጃቸው ሊያወርዳቸው ሲያቆም "ለምን ትቆማለህ?" አሉት። በውድድሩ አቶ ሳህሌ አራተኛ ወጡ። ፍሬኑን ማንም አላነሣም፤ ስለ ፍሬን የማይወራ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው።

እኔ የማሠልጠኛው መልስ ደርሶኝ ልሄድ ስዘጋጅ ጋሽ ሸምሱ ፍሬኑን ለነሥሩ አስረክበው ቀደሙኝ። ከነሥሩ ጋር ሆነን የቡታጅራ አውቶቡስ ልናሳፍራቸው ሄድን። ዕቃቸው አንድ ሣጥንና የወይራ ዘንጋቸው ነው። ከሹፌሩ ጀርባ መስኮት ጥግ ተቀመጡና ወዲያው ወደ ሹፌሩ ዘንበል አሉ።

"ልጄ፣ የዚህን አውቶቡስ ፍሬን ማን ነው የሠራው?"

ሹፌሩ ዞሮ አያቸው። "ትናንት እናንተው ጋራዥ ነው ያስነካሁት። ስሙን አላውቀውም፤ ያ አጠር ያለው፣ እየሠራ ለራሱ የሚያወራው።"

ነሥሩ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ሰማ፤ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ሸምሱ አንድ ጊዜ አዩት። አዲሱን ነጭ ቆባቸውን አወለቁ፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ ደገፉና አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።